የትኛውን ሊኑክስ ልጫን? ለዕለት ተዕለት ሥራ ዲስትሮ የመምረጥና የመጫን መመሪያ

«ሊኑክስ ልጭን ነው፣ የትኛው ይሻለኛል?» የሚለው ጥያቄ ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ነጻ ሲስተም ነው፤ «ዲስትሮ» የሚባለው ደግሞ ተዘጋጅቶ የሚጫን አንዱ የሊኑክስ ዓይነት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ብሶበታል። ከመርካቶ እስከ ሜክሲኮ የሚሸጡት ያገለገሉ ላቲትዩድ፣ ኤሊትቡክና ቲንክፓድ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን የኢንቴል 8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር አያሟሉም። ማሽኑ ግን ደህና ይሠራል።

ለቸኮለ ሰው አጭሩ መልስ ይኸውና፦ 4 ጊጋባይት ራም ካላችሁ ሊኑክስ ሚንት ኤክስ ኤፍ ሲ ኢ፣ 8 ወይም ከዚያ በላይ ካላችሁ ሊኑክስ ሚንት ሲናመን። ሁለቱም ሚንት ናቸው፣ የሚለያዩት በዴስክቶፑ መልክና ክብደት ነው። ከመጫናችሁ በፊት ግን ቢያንስ 2ኛውን፣ 6ኛውንና 7ኛውን ደረጃ አንብቡ፤ ሰው ፋይሉን የሚያጣው እነሱን ዘሎ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር። ባለፉት አሥር ዓመታት የተሠራ ላፕቶፕ ሁሉ ማለት ይቻላል 64 ቢት ነው።
- 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ስለዚህ የሠርግ ቪዲዮ ያለበትን አታምጡ።
- ለባክአፕ የሚሆን ሌላ ማስቀመጫ፣ ለምሳሌ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ።
- ከ6 እስከ 10 ጊጋባይት ዳታ። ሚንት ራሱ ወደ 3 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ኡቡንቱ ወደ 6 ይጠጋል። የቀረው ለአፕዴት፣ ለድራይቨርና ለአማርኛ ኪቦርድ ነው።
- ዳታ የሚያስተላልፍ የስልክ ገመድ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ አይሆንም፤ ስልኩን ስትሰኩት «ፋይል ማስተላለፍ» የሚል ምርጫ ካልመጣ ገመዱን ቀይሩ።
- ቢያንስ አንድ ሰዓት የሚቆይ ባትሪ። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩ ፒ ኤስ። ዲስክ በሚከፋፈልበት ሰዓት መብራት ከሄደ የዊንዶውሱም የእናንተም ፋይል አብሮ ሊበላሽ ይችላል።
- ዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ሩፈስ የሚባል፣ ፍላሹን ማስነሻ የሚያደርግ ትንሽ ነጻ ፕሮግራም።

ደረጃ 1፦ ማሽኑን እወቁ

ዊንዶውስ ላይ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ሲስተም»፣ ከዚያ «አባውት» ግቡ። የራሙን መጠን፣ የፕሮሰሰሩን ስምና ሲስተሙ 64 ቢት መሆኑን ጻፉ። ቀጥሎ «ታስክ ማኔጀር» ከፍታችሁ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ውስጥ ዲስኩ ኤስ ኤስ ዲ (ፈጣኑ) ነው ወይስ ኤች ዲ ዲ (የሚሽከረከረው የድሮ ዓይነት) የሚለውን እዩ። እዚያው «ሜሞሪ» ላይ ስንት የራም ቦታ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይታያል።

ይህ ከምንም በፊት የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ማሽኑ በኤች ዲ ዲ የሚሄድ ከሆነ የትኛውንም ዲስትሮ ብትጭኑ መንቀርፈፉ አይቀርም። ለዲስትሮ ምርጫ ሦስት ሌሊት ከማደር አንድ ትንሽ ኤስ ኤስ ዲ ማስገባት ይሻላል፤ ልዩነቱ ኮምፒውተሩን እንዳበራችሁ ይታወቃችኋል። ባዶ የራም ቦታ ካለም እንደዚሁ ነው።

በመጨረሻ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ብላችሁ ፈልጉና «ባዮስ ሞድ» ከሚለው ጎን ዩ ኢ ኤፍ አይ (አዲሱ የማስነሻ ዓይነት) ወይም ሌጋሲ (የድሮው) መሆኑን ያዙ። 5ኛው ደረጃ ላይ ትፈልጉታላችሁ።

ገና ልትገዙ ከሆነ፦ ሻጩ ፊት አስነሡትና ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ፣ ግቡ። ከውጭ ድርጅቶች የወጡ አንዳንድ ላፕቶፖች የባዮስ ፓስዎርድ ተዘግቶባቸው ይመጣሉ። የተዘጋ ከሆነ ከፍላሽ ማስነሣት ላትችሉ ትችላላችሁ፤ መክፈቱም ሌላ ወጪ ነው።

ደረጃ 2፦ ልትተዉት የማትችሉትን ፕሮግራም ጻፉ

ወረቀት አውጡና ባለፈው አንድ ወር የከፈታችኋቸውን ፕሮግራሞች ዘርዝሩ። ብሮውዘር፣ ቴሌግራም፣ ቪ ኤል ሲ፣ ዙም፣ ጽሑፍና ሰንጠረዥ ብቻ ከሆነ ምንም አይጎድልባችሁም። የሚያስቸግሩት እነዚህ ናቸው፦

- ፒችትሪ። የሒሳብ ባለሙያ ከሆናችሁ ዊንዶውሱን አታጥፉ። ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ፒችትሪ የለም፤ የደንበኛ ሒሳብ ይዞ በማስመሰያ ፕሮግራም መሞከር ደግሞ አይመከርም።
- አውቶካድ፣ ፎቶሾፕና ማይክሮሶፍት ኦፊስ። ለኦፊስ ሊብረኦፊስ ይተካል፣ ውስብስብ ማክሮ ያለበት ኤክሴል ግን ላይሠራ ይችላል።
- ፓወር ግዕዝ። የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ የራሱ የአማርኛ መጻፊያ አለው፣ 9ኛው ደረጃ ላይ ይመጣል። ችግሩ ያለው በቆዩት ሰነዶች ነው። ዩኒኮድ (ሁሉም ማሽን የሚያውቀው የፊደል ኮድ) ባልሆኑ የድሮ ፊደላት የተጻፈ ደብዳቤ ፊደሉ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ይሆናል። ዊንዶውሱ ሳይጠፋ በፊት ወደ ዩኒኮድ ለውጡት፣ ወይም ቢያንስ ፒ ዲ ኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ከዝርዝሩ አንዱ እንኳ የዕለት እንጀራችሁ ከሆነ ሊኑክስን ከዊንዶውስ ጎን ጫኑ። ሁለቱ በአንድ ማሽን ተስማምተው ይኖራሉ።

ደረጃ 3፦ ዲስትሮውን ምረጡ

በሁሉም ዲስትሮዎች ውስጥ ያለው ሞተር አንድ ነው፣ የሊኑክስ ከርነል። የሚለያዩት ፊት ለፊት በሚታየው ዴስክቶፕ፣ አዲስ ነገር በሚያመጡበት ፍጥነትና ለስንት ዓመት ድጋፍ በመስጠታቸው ነው። እኛ አገር አንድ ሌላ መለኪያ ይጨመራል፤ ምን ያህል ዳታ እንደሚበላ። ኢንተርኔቱን በጥቅል የሚገዛ ሰውና ቤቱ ያልተገደበ መስመር ያለው ሰው አንድ ዓይነት ዲስትሮ መምረጥ የለባቸውም።

ሊኑክስ ሚንት። ለአብዛኛው ሰው ይህ ይበቃል። ከታች ያለው የጀምር ቁልፍ፣ የፋይል ማኔጀሩ፣ የመስኮቶቹ አቀማመጥ ከዊንዶውስ የመጣን ሰው ግራ አያጋባም። ሚንት 22 የተመሠረተው በኡቡንቱ 24.04 ላይ ሲሆን እስከ 2029 (በፈረንጆቹ) የደኅንነት አፕዴት ያገኛል። አዘጋጆቹ ዝቅተኛ የሚሉት ራም 2 ጊጋባይት ነው፣ ለምቾት 4 ይላሉ። በ4 ጊጋባይት ኤክስ ኤፍ ሲ ኢ የተባለውን ውሰዱ። ሲናመን ያማረ ነው፣ ግን ብሮውዘር ሲከፈት እያንዳንዱ መቶ ሜጋባይት ይቆጠራል። ሌላው ጥቅሙ አፕዴት ሳትፈቅዱለት በራሱ አለመጫኑ ነው፤ የዕለቱ ጥቅል በማታውቁት ነገር አያልቅም።

ኡቡንቱ። ሁለተኛው ምርጫ። ሰፊ ተጠቃሚ ስላለው ለማንኛውም ችግር መልስ በቀላሉ ይገኛል። ቁጥሩ ዓመትና ወር ነው፤ 24.04 ማለት ኤፕሪል 2024። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ትልቁን ቁጥር ያየ ሁሉ እሱን ያወርዳል። «ኤል ቲ ኤስ» የሚል ካልተጻፈበት እትሙ የሚደገፈው ለ9 ወር ብቻ ነው። ኤል ቲ ኤስ የሆነው በየሁለት ዓመቱ ይወጣና 5 ዓመት ይደገፋል። የኡቡንቱ ሌላ ባሕርይ ስናፕ የሚባለው የፕሮግራም አቅርቦት ነው። ፋየርፎክስን ጨምሮ በስናፕ የመጡ ፕሮግራሞች በቀን አራት ጊዜ አዲስ እትም መኖሩን እየፈተሹ ራሳቸውን ያድሳሉ። ያልተገደበ መስመር ላለው ይህ ጥቅም ነው። ከስልክ ሆትስፖት ለሚሠራ ግን ቀዳዳ ኪስ ነው።

ፌዶራ። ላፕቶፑ በዚህ ዓመት ወይም አምና የወጣ ከሆነና ሚንት ላይ ዋይፋዩ ወይም ስክሪኑ ካስቸገረ ፌዶራን ሞክሩ፤ አዳዲስ ከርነል ቶሎ ይዞ ስለሚመጣ አዲስ ዕቃን ቀድሞ ያውቃል። አንዱ እትም የሚደገፈው ለ13 ወር ገደማ ስለሆነ በየዓመቱ ብዙ ጊጋባይት አውርዶ ማሻሻል ግድ ነው።

ደቢያን። ለቢሮ ኮምፒውተር፣ «ይሥራ ብቻ፣ አይለዋወጥብኝ» ለሚል ሰው። ከደቢያን 12 ጀምሮ የዋይፋይ ፈርምዌሩ አብሮ ይመጣል። የአጫጫኑ ጥያቄዎች ግን ከሚንት ይበዛሉ።

2 ጊጋባይት ራም ብቻ ካላችሁ አንቲኤክስን ወይም ሉቡንቱን ሞክሩ። ዴስክቶፑ ፈጣን ይሆናል፤ ዩቲዩብና ሁለት ሦስት ገጽ አንድ ላይ ስትከፍቱ ግን ይጨናነቃል። ጥፋቱ የዲስትሮው አይደለም፤ የዛሬ ድረ ገጽ ራሱ ከባድ ነው።

አርች ለጀማሪ አይሆንም። እትም የሚባል ነገር የለውም፣ በየጊዜው የማያቋርጥ አፕዴት ነው። ለሁለት ወር ረስታችሁት ከተመለሳችሁ ጊጋባይቶች ይጠብቋችኋል። ካሊም አይሆንም። «ሀከሮች የሚጠቀሙበት» ስለተባለ ብቻ ላፕቶፑ ላይ የሚጭነው ወጣት ብዙ ነው፤ ካሊ ለደኅንነት ፍተሻ የተዘጋጀ መሣሪያ ነው፣ አዘጋጆቹ ራሳቸው ለዕለት ሥራ አይመክሩትም።

በሁለቱ መካከል ካመነታችሁ፣ ሲያስቸግር ቡና እየጠጣችሁ ልታሳዩት የምትችሉት ሰው የሚጠቀምበትን ምረጡ።

ደረጃ 4፦ አውርዱና አረጋግጡ

ፋይሉን ከዲስትሮው ዋና ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። መስመሩ የሚቆራረጥ ከሆነ በቶረንት ውሰዱት፤ ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ተበላሽቶ የመጣውን ቁራጭም ራሱ ደግሞ ያወርዳል። በብሮውዘር 2.7 ጊጋባይት ላይ ተቋርጦ ከዜሮ መጀመር ዳታ ማቃጠል ነው።

ከጓደኛ የምትገለብጡ ከሆነ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ፍላሹ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ 32 ጊጋባይት ባዶ ሆኖ ሳለ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ይላችኋል። ፍላሹን ኤክስፋት አድርጉት።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሩፈስ ውስጥ ፋይሉን ከመረጣችሁ በኋላ አጠገቡ ያለችውን የራይት ምልክት ተጫኑ፤ ከሚመጡት ቁጥሮች ኤስ ኤች ኤ 256 የሚለውን (የፋይሉን አሻራ) ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። 64 ፊደልና ቁጥር ነው፣ አንዱ እንኳ ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷል። ይህን የዘለለ ሰው ጭነቱ 80 በመቶ ላይ ደርሶ ሲቆም ላፕቶፑን ይረግማል።

ደረጃ 5፦ ፍላሹን አዘጋጁ

የአይ ኤስ ኦ ፋይሉን (ያወረዳችሁትን የዲስትሮ ፋይል) ፍላሽ ላይ ኮፒ ፔስት ማድረግ አይሠራም። ኮምፒውተሩ ሊነሣበት የሚችል ሆኖ መጻፍ አለበት።

ሩፈስን ክፈቱ፣ ፍላሹን ምረጡ፤ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስካችሁ አብሮ ከተሰካ ቀድማችሁ ንቀሉት። የአይ ኤስ ኦ ፋይሉን ምረጡ። 1ኛው ደረጃ ላይ ዩ ኢ ኤፍ አይ ካገኛችሁ «ፓርቲሽን ስኪም» የሚለውን ጂ ፒ ቲ፣ ሌጋሲ ከሆነ ኤም ቢ አር በሉት። ስትጀምሩ «በአይ ኤስ ኦ ሞድ ወይስ በዲ ዲ ሞድ» ብሎ ከጠየቀ በራሱ የመረጠላችሁን ተቀበሉ።

ፍላሹ አዲስና ርካሽ ከሆነ ጠርጥሩ። 64 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 8 ብቻ የሆነ ፎርጅድ ፍላሽ ገበያው ላይ አለ። ኮምፒውተሩም 64 ብሎ ያሳያል፤ ከ8 በላይ የተጻፈው ግን የትም አይገኝም። ሩፈስ ውስጥ «ባድ ብሎክስ» የሚለውን ፍተሻ ካበራችሁ ያጋልጠዋል። ጊዜ ይወስዳል፣ ማታ አስጀምራችሁት ተኙ።

ደረጃ 6፦ ሳትጭኑ ሞክሩ

ፍላሹን ሰክታችሁ ኮምፒውተሩን አስነሡና ወዲያው የማስነሻ ምርጫውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑ። ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ ላይ ኤፍ 12 ነው፤ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ፤ አሱስ ላፕቶፕ ላይ ኢስኬፕ። ኤሰርም ኤፍ 12 ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማብራት ይጠይቃል። ሴኪዩር ቡትን (ያልተፈረመ ሲስተም እንዳይነሣ የሚከለክለውን የባዮስ ጥበቃ) ማጥፋት አያስፈልጋችሁም፤ ሚንት፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራና ደቢያን እሱ እንደበራ ይነሣሉ።

ዴስክቶፑ ሲመጣ ገና ምንም አልጫናችሁም፤ ሁሉም የሚሠራው ከፍላሹ ነው፣ ስታጠፉት ዱካ አይቀርም። ይህን ዕድል ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ተጠቀሙበት። ዋይፋይ ያገናኝ እንደሆነ እዩ። ቪዲዮ ክፈቱና ድምፁን ስሙ። የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ፣ ጨምሩ። ካሜራውን ሞክሩ። ከዚያ ክዳኑን ዝጉት፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁና ክፈቱት። ከእንቅልፉ የማይነቃ ላፕቶፕ በኋላ በየቀኑ የሚያበሳጭ እሱ ነው፤ ዛሬ ካያችሁት ሌላ ዲስትሮ ትሞክራላችሁ፣ ከጫናችሁ በኋላ ከሆነ ግን ሥራው ከባድ ነው።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ እንደገና አስነሡና ከመጀመሪያው ዝርዝር ሚንት ላይ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ»፣ ኡቡንቱ ላይ «ሴፍ ግራፊክስ» የሚለውን ምረጡ። ብዙ ጊዜ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ጣጣ ነው፣ ከተጫነ በኋላ ድራይቨሩ ሲገባለት ይስተካከላል።

ዋይፋይ ጭራሽ ካልታየ፣ በተለይ ቆየት ባሉ ኤችፒና ዴሎች ላይ፣ ካርዱ ብሮድኮም ሊሆን ይችላል። ዲስትሮ አትቀይሩ። ስልኩን በገመድ ሰኩና «ዩ ኤስ ቢ ቴተሪንግ» አብሩ፤ ሊኑክስ እንደ ኬብል ኢንተርኔት ያየዋል። ከተጫነ በኋላ በዚያው መስመር «ድራይቨር ማኔጀር» የሚፈልገውን ያወርዳል።

ደረጃ 7፦ ባክአፕ፣ ከዚያ ዊንዶውሱን አዘጋጁ

ዶክመንት፣ ፎቶ፣ ዴስክቶፕ ላይ የተበተነውን ሁሉና የብሮውዘር ፓስዎርዶችን ወደ ውጭ ማስቀመጫ ገልብጡ። ከዚያ ማስቀመጫውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሦስት አራት ፋይል ክፈቱ። ያልተከፈተ ባክአፕ ባክአፕ አይደለም።

ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ የምታጠፉ ከሆነ ወደ 8ኛው ደረጃ እለፉ። ጎን ለጎን ለምታስቀምጡ፦

1. «ፋስት ስታርትአፕ» የሚለውን ከ«ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ አጥፉ። ይህ ከበራ ዊንዶውስ ሲዘጋ በሙሉ አይዘጋም፣ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ይሆናል። ሊኑክስ ዲስኩን ሲያየው «ሰው አለበት» ብሎ መጻፍ ይከለክላል።
2. ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፈው ቢትሎከር ወይም «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» መብራቱን እዩ። ከበራ የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከዚያ አጥፉትና ፈትቶ እስኪጨርስ ጠብቁ። ያለ ቁልፉ የጀመረ ሰው የራሱን ዲስክ ከውጭ ቆሞ ያያል።
3. «ዲስክ ማኔጅመንት» ውስጥ ሲ ድራይቭን ቀኝ ክሊክ አድርጉና «ሽሪንክ ቮልዩም» በሉ። 50 ጊጋባይት ለመልቀቅ 51200 ብላችሁ ጻፉ። የተለቀቀውን ቦታ ፎርማት አታድርጉት፣ ባዶውን ተዉት።

ዴል ላቲትዩድ ላይ ጫኚው ዲስኩን ጭራሽ ላያየው ይችላል። ባዮስ ውስጥ የሳታ አሠራሩ «ሬይድ» ላይ ስለተቀመጠ ነው፤ ወደ ኤ ኤች ሲ አይ መቀየር አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ዊንዶውሱን ማቆየት ከፈለጋችሁ ይህን በቀጥታ አትቀይሩ፤ ዊንዶውስ መነሣት ያቅተዋል። መጀመሪያ ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ እንዲነሣ አድርጉ፣ ከዚያ ባዮሱን ቀይሩ፣ ሴፍ ሞድ ውስጥ አንዴ ይነሣ፣ ከዚያ ወደ መደበኛው መልሱት።

ደረጃ 8፦ ጫኑ

ቻርጀሩን ሰኩ። ዴስክቶፑ ላይ ያለውን የመጫኛ ምልክት ክፈቱ።

ቋንቋውን እንግሊዝኛ አድርጉት። የአማርኛ ትርጉሙ ያልተሟላ ስለሆነ ግማሹ እንዲህ ግማሹ እንዲያ ይሆናል፣ እርዳታ ስትፈልጉም የምታገኙት ጽሑፍ በእንግሊዝኛው ስም ነው። ኪቦርዱንም «ኢንግሊሽ ዩ ኤስ» በሉ። እዚህ ላይ አማርኛ ከመረጣችሁ ፓስዎርዳችሁን በግዕዝ ፊደል ትጽፉና ሲነሣ መግቢያው ላይ ትቀራላችሁ። ከጀርመን የመጣ ላፕቶፕ ከሆነ ዜድና ዋይ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ የጀርመኑን ምረጡ፣ ወይም በልማድ የምትጽፉ ከሆነ ዩ ኤስ አድርጉትና ቁልፉ ላይ የተጻፈውን እርሱት።

«መልቲሚዲያ ኮዴክስ» የሚለውን ምልክት አድርጉ፤ አለበለዚያ አንዳንድ ቪዲዮ አይከፈትም። ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ዳታ ከሌላችሁ በኋላም ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ገጽ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። «ኢንስቶል አሎንግሳይድ» ማለት ከዊንዶውስ ጎን ነው። «ኢሬዝ ዲስክ» ማለት ዲስኩን በሙሉ ማጥፋት ነው፤ ሲ ብቻ ሳይሆን ፊልም ያስቀመጣችሁበት ዲም አብሮ ይሄዳል። «ሳምቲንግ ኤልስ» የሚለው ራሳችሁ የምትከፋፍሉበት ነው፤ የምትሠሩትን ካላወቃችሁ አትንኩት። «አሎንግሳይድ» የሚለው ካልመጣ ወይ ፍላሹ ከዊንዶውሱ በተለየ ሞድ ነው የተነሣው፣ ወይ ፋስት ስታርትአፕ አልጠፋም፣ ወይ ቢትሎከር አለ። ተመለሱና አስተካክሉ፣ በግድ አትሂዱ።

ዲስኩን በፓስዎርድ የመቆለፍ ምርጫም አለ። ላፕቶፑን ታክሲ ውስጥ ይዞ ለሚዞር ሰው ጥሩ ነው፤ ፓስዎርዱ ከተረሳ ግን መላ የለውም።

የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ በሉት። ኤስ ኤስ ዲ ላይ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ ኤች ዲ ዲ ላይ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሲጨርስ ፍላሹን ንቀሉ በሚልበት ሰዓት ንቀሉት።

ደረጃ 9፦ በመጀመሪያው ቀን

መጀመሪያ ሚንት ላይ «ሶፍትዌር ሶርስስ» ግቡና ፈጣኑን ሰርቨር ምረጡ፤ ሁለት መስመር አለ፣ ሁለቱንም ቀይሩ። ከዚያ «አፕዴት ማኔጀር»፣ ከዚያ «ድራይቨር ማኔጀር»። ቅደም ተከተሉ አይቀየር፤ ድራይቨሩ ከአዲሱ ከርነል ጋር እንዲስማማ አፕዴቱ ይቅደም። ሁሉም መሥራቱን ስታዩ «ታይምሺፍት» በሚባለው የሲስተሙን ቅጂ ያዙ። ነገ አንድ አፕዴት ቢያበላሽ ወደ ዛሬው ትመለሳላችሁ። የግል ፋይል ግን አይይዝም።

አሁን አማርኛ። ሲናፕቲክ በሚባለው የፕሮግራም መጫኛ አይባስን (ibus፣ ሌላ ቋንቋ መጻፊያውን) እና የአይባስ ኤም 17 ኤንን (ibus-m17n) ጥቅል ጫኑ፣ «ኢንፑት ሜተድ» ውስጥ አይባስን ምረጡ፣ ከዚያ ሎግ አውት አድርጋችሁ ግቡ። ሳትወጡ ከሞከራችሁ ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ አይታይም፤ «አልሠራም» ከሚሉት ግማሾቹ ያልወጡት ናቸው። የአይባስ ምርጫዎች ውስጥ «አምሃሪክ» ስር «ሴራ» የሚለውን ጨምሩ። ኡቡንቱ ላይ ጥቅሉን ከጫናችሁ በኋላ «ኪቦርድ» ማስተካከያው ውስጥ ይገኛል።

አጻጻፉ እንደ ድምፁ ነው። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብትነኩ ሰላም ይወጣል። ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያያል፤ ትንሹ ቲ ት ነው፣ ትልቁ ቲ ጥ። ትንሹ ኤን ን፣ ትልቁ ኝ። ስትጽፉ የመጨረሻዋ ፊደል ከሥሯ ተሰምሮባት ትቆያለች፤ ስሕተት አይደለም፣ አናባቢ እየጠበቀች ነው። ቀጣዩን ስትነኩ ትረጋለች።

ለፊደል ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጫኑ። ኒያላ የማይክሮሶፍት ስለሆነ አብሮ አይመጣም። በኒያላ የተጻፈ ደብዳቤ ይከፈታል፣ ግን መስመሩ ይንሸራተታል፤ ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ወደ ሁለተኛ ገጽ ሊሄድ ይችላል። ለሌላ ቢሮ የምትልኩትን ሁልጊዜ በፒ ዲ ኤፍ አድርጉት።

ተደጋግመው የሚመጡ ችግሮች

ዊንዶውስ ስገባ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። ይህ ከሀበሻና ፈረንጅ አቆጣጠር ጋር ግንኙነት የለውም፣ ያ ልዩነት 6 ሰዓት ነው። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ መደብ ያስቀምጣል፣ ዊንዶውስ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰዓት መስሎት ያነበዋል። በመካከላቸው ያለው 3 ሰዓት ነው። ዊንዶውስ ላይ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ጋር «ሲንክ» አድርጉት።

ሁሉም ድረ ገጽ «ደኅንነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላል፣ አፕዴትም እምቢ አለ። ቀኑን እዩ። በድሮ ማሽን ውስጥ ያለችው የማዘርቦርድ ባትሪ ካለቀች ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የድረ ገጾቹም የምስክር ወረቀት ገና ያልወጣ ይመስላል። ብዙ ዴስክቶፖች ላይ ባትሪዋ ሲ አር 2032 የምትባለው ክብ ናት፤ ላፕቶፕ ላይ በሽቦ የተያያዘች ልትሆን ትችላለች።

አንድ ትንሽ ፕሮግራም ልጭን ብዬ መቶዎች ሜጋባይት አወረደ። በፍላትፓክ፣ ማለትም የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ በሚመጣው የፕሮግራም አቅርቦት፣ ነው የመረጣችሁት። የመጀመሪያው ፍላትፓክ የሚቆምበትን መሠረት አብሮ ያወርዳል፤ ቀጣዮቹ እሱኑ ስለሚጋሩ ይቀንሳሉ። ሚንት ሶፍትዌር ማኔጀር ላይ ሁለቱም ዓይነት ካለ «ሲስተም ፓኬጅ» የሚለውን ምረጡ።

ፕሪንተሩ ታየ ግን አያትምም። ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ 1102 እና መሰሎቹ ከተለመደው ድራይቨር ሌላ የኤችፒን ተጨማሪ ፕለጊን ይፈልጋሉ። ኤችፒ ሊፕ የሚባለውን ፕሮግራም ስትከፍቱ ፕለጊኑን ላውርድ ብሎ ይጠይቃል፤ በዚያ ሰዓት ኢንተርኔት መኖር አለበት። ካኖን ኤል ቢ ፒ 2900 ደግሞ የካኖን የራሱ አሮጌ ድራይቨር ስለሚያሻው አስቸጋሪ ነው፤ ቢሮው በሱ ብቻ የሚያትም ከሆነ አንድ ዊንዶውስ ያለው ማሽን አስቀሩለት።